በኋላ እግሩ የሚሄድ መኪና በዴንቨር በረዶ፦ የስድስት ወር ትዝብቴ

መጀመሪያ ቃል እናጥራ። ክረምት ስል የሐምሌና የነሐሴውን ዝናብ አይደለም የማወራው። እዚህ ዴንቨር ከኦክቶበር እስከ ሜይ ባሰኘው ቀን የሚመጣውን፣ ባሰኘው ቀን የሚሄደውን ዊንተር ነው። በረዶ የሚለው ቃልም አይበቃኝም። እኛ ያደግንበት በረዶ ቆርቆሮ አንጫጭቶ የሚያልፈው ነው። እዚህ ግን ለስላሳው አለ፣ ቀልጦ እንደ አብሽ የሚዝለገለገው አለ፣ ሌሊት ደርቆ መስታወት የሚሆነው አለ። ሦስቱንም በረዶ እንላቸዋለን፤ ጎማ ግን ሦስቱን ለይቶ ያውቃቸዋል።

መኪናዬ የ2023 ቶዮታ ጂአር 86 ነው። ማንዋል ማርሽ፣ 2.4 ሊትር ሞተር፣ 228 የፈረስ ጉልበት፣ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ኋላ እግር የሚሄድ። ሞተሩም የሱባሩ ነው፣ የሚገጣጠመውም ጃፓን ጉንማ ውስጥ ባለው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ሱባሩ ከሆነማ በረዶ ምኑ ነው» ይለኛል። አራቱም እግር የሚነዳው ሱባሩ ሌላ ነው ወንድሜ። በነገራችን ላይ 228ቱ ፈረስ ዴንቨር ሲደርስ ሁሉም አይገኝም። ከተማዋ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ከጉልበቱ ወደ አንድ ስድስተኛ የሚጠጋውን እዚህ ይጥላል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ከፍታ አይደለም፣ ለሞተሩ ግን ነው። በረዶ ላይ እንደውም ጉልበቱ መቀነሱ ደግ ሆነልኝ።

አብሮት የመጣው ጎማ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4 ነው፣ ልኩ 215/40፣ ቸርኬው ባለ 18 ኢንች። ምርጥ ጎማ ነው፣ ግን የበጋ ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከዜሮ በታች ከወረደ ፕላስቲክ በለው። ይህን አንብቤ አውቃለሁ። እያወቅኩ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ኦክቶበር አጋማሽ ላይ እንኳ በቲሸርት ነበር የምንሄደው።

ከዚያ የወሩ መጨረሻ እሑድ መጣ። ቅዳሴ ገብተን ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ነጭ ሆኗል። አምስት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ማቆሚያው ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ ትንሽ ዳገት አለው፣ በእግርህ ስትሄድ ዳገት መሆኑን የማታስተውለው ዓይነት። እዚያ ላይ ቀረሁ። ነዳጅ ስሰጠው ኋላው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ስለቀው ቁልቁል ይንሸራተታል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ዳር ቆመው ያዩኛል። አራት ጎረምሶችና አንድ ዲያቆን ገፍተው አወጡኝ።

ደብሩ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት አሉ። አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ላዳ ታክሲ የነዱ ናቸው፤ ላዳ ደግሞ እንደምታውቁት በኋላ እግሩ ነው የሚሄደው። መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ላዳ ነው» አሉኝ። «በጭቃ ቀን እኛ ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ ድንጋይ እንጭን ነበር። አንተ ምን ጭነሃል?»

አንድ ፌስታል ድፎ ዳቦ ነበር የጫንኩት። «ምንም ጋሼ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጎማ አዘዝኩ። ብሪጅስቶን ብሊዛክ ደብልዩኤስ 90 የሚባል የበረዶ ጎማ፣ 215/45 ባለ 17፣ ከርካሽ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር፣ አራቱም። ባለ 17ቱ የዚሁ መኪና ርካሹ ሞዴል ከፋብሪካ የሚወጣበት ልክ ስለሆነ ከፍሬኑ ጋር አይጣላም። ጎኑም ወፈር ይላል፤ በረዶ ሥር የተደበቀ ጉድጓድ ስትመታ ቸርኬህ አይታጠፍም። ከነአየር ሴንሰሩና ከነመግጠሚያው 1,500 ዶላር ገደማ ወጣብኝ። ለየብቻው ቸርኬ መግዛት ውድ ይመስላል፣ ግን በዓመት ሁለቴ ጎማ ቤት ሄደህ ከቸርኬ ላይ ከማስወለቅ ይሻላል። ግቢህ ውስጥ በክሪክ አንስተህ ራስህ ትቀይራለህ።

«የሚነዳው ኋላው አይደል፣ ሁለቱን ብቻ ግዛ» ያሉኝ ነበሩ። ይሄ ምክር ሰው ያስገድላል። ኋላው ይይዝልሃል፣ ደስ ብሎህ ትነሳለህ፣ ፍጥነት ታገኛለህ፤ ከዚያ ፍሬን ስትይዝና መሪ ስታዞር ዋናው ሥራ የፊቱ ነው፣ የፊቱ ደግሞ የደነደነው የበጋ ጎማ ነው፤ መሪህን አዙረህ መኪናው ቀጥ ብሎ መስቀለኛው መሀል ይገባል። አራት ካልሆነ ቢቀር ይሻላል።

ታዲያ ጎማው እንዴት ነው? ያው ማቆሚያ ላይ ልውሰዳችሁ። ለገና ሌሊቱን ቆመን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንወጣ አሥር ሴንቲሜትር ያህል ወርዷል። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፣ ነዳጅ አልነካሁም ማለት ይቻላል። ዳገቱን ወጣው። ኋላው ትንሽ ወዝወዝ አለ፣ ሌላ ነገር የለም። ከኋላዬ የነበረው አራቱም እግሩ የሚነዳ ትልቅ መኪና ግን ጥርሱ የተበላ ጎማ ይዞ ሲፍጨረጨር ስላየሁ መኪናዬን ላይ አቁሜ ልገፋ ወረድኩ። ጋሼም ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«ድንጋይ ጫንክ?»

«ጎማ ቀየርኩ ጋሼ።»

«እኛማ ቅያሪ ጎማ መቼ ነበረን» አሉና ሄዱ።

መነሳቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መነሳት ነው፣ መኪና የሚያጋጨው ግን አለመቆም ነው። አራት እግር የሚነዳ መኪናም ለመቆም ያለው እንደኔው አራት ጎማና ፍሬን ነው። ብሊዛኩ በለስላሳው በረዶ ላይ ሲቆም ደረቅ መንገድ ላይ ያለህ እስኪመስልህ ያታልልሃል። መስታወት በሆነው ላይ ግን አይታለሉ፤ ከበጋው ጎማ እጅግ ይሻላል፣ ቢሆንም ይንሸራተታል። ጠዋት ጠዋት ባዶ ማቆሚያ ውስጥ በ20 ማይል አንዴ ፍሬን ረገጥ አድርጌ እሞክራለሁ። የዚያን ቀን መንገድ ምን እንደሚመስል እዚያው ይነግረኛል።

የጋሼን ምክርም አልናቅኩም። ባለ 27 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ሦስት ገዛሁ፣ ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ አስገባሁ። ላዳ ላይ ይሠራ ይሆናል፣ የኔው ላይ ግን ከጎማው በኋላ ያመጣው ለውጥ ብዙም አልታየኝም። መኪናው ሲሠራም ክብደቱ ከሞላ ጎደል እኩል የተከፈለ ነው፣ ዲፈረንሻሉም አንዱ እግር ሲሽከረከር ጉልበቱን ለሌላው የሚያካፍል ነው። ይባስ ብሎ ከረጢቱን ሳላስር ኩርባ ስዞር ተንሸራቶ ጎኑን መታው፣ ልቤ ወደቀ። የምትጭኑ ከሆነ ከኋላ እግሩ በላይ፣ ወደ ወንበሩ ተጠግቶ፣ በደንብ ታስሮ ይሁን። ወደ ጭራው ከራቀ አንዴ ኋላው ማምለጥ ሲጀምር መመለሻ የለውም። ፌብሩዋሪ ላይ ሁለቱን አወጣሁ። አንዱን የተውኩት ስትያዝ ጎማ ሥር ለመበተን ነው፣ ለዚያ ግሩም ነው።

ማንም ያልነገረኝ ነገር በሩ ነው። የ86 በር መስታወት ዙሪያውን ብረት ፍሬም የለውም፤ እጀታውን ስትስብ መስታወቱ ትንሽ ወርዶ ከላስቲኩ ይላቀቃል፣ ከዚያ ይከፈታል። በረዶ ሲይዘው አይወርድም። አንድ ጠዋት ከሥራ እረፍዳለሁ ብዬ ጎተትኩት፣ ላስቲኩ ተላጥጦ ከቦታው ወጣ። በጉልበት ብቀጥል መስታወቱ ነበር የሚሄደው። አሁን በየሦስት ሳምንቱ ላስቲኩን በሲሊኮን ቅባት አሸዋለሁ፣ አሥር ዶላር የማይሞላ ዕቃ ነው። ከጎማው ቀጥሎ የሚቀጥለውን ዊንተር ያለሱ የማልገባበት ይሄ ነው።

ሌላው ሌላው አጭር ነው። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የማይቀዘቅዘው አድርጉት፣ የበጋው መስታወት ላይ እንደነካ ይጋገራል። ባትሪ በብርድ ጉልበቱን ስለሚያጣ ያረጀ ከሆነ ሳይገድላችሁ ቀይሩት። የጎማ አየር በየ5 ዲግሪ ተኩሉ ብርድ አንድ ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው) ያህል ስለሚቀንስ ያቺ የጎማ አየር ማስጠንቀቂያ ቢጫ መብራት ጠዋት ብትበራ አትደንግጡ፣ ለክታችሁ ሙሉ። አውራ ጎዳና ላይ መሪው እንደ ወፍጮ መንቀጥቀጥ ከጀመረም ብዙውን ጊዜ ባላንስ አይደለም፣ ቸርኬው ውስጥ የተጋገረ በረዶ ነው፤ ቆማችሁ ጠርጉት።

አንድ ብስጭቴን ግን ላውጣ። አንድ ጎማ ቤት ሴንሰሩን ሊያይልኝ አውልቆ ሲመልስ ቡሎኑን በአየር መፍቻ እንደ መርከብ አጥብቆት አገኘሁ። የኔ መኪና 120 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው። በራሴ መፍቻ ልፈታ ስል ቧንቧ ቀጥዬ፣ ላዩ ላይ ቆሜ ነው የተላቀቀው። መንገድ ላይ፣ ሌሊት፣ በዜሮ በታች 15 ቢሆን ኖሮስ? ከዚያ ወዲህ ልክ የሚቆጥረውን መፍቻ ገዝቼ ራሴ አጠብቃለሁ፣ ከ50 ማይል በኋላም ደግሜ አያለሁ።

ተራራውስ? አይ 70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ድረስ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ። እኔ በወጣሁበት ጊዜ ሁለት እግር ብቻ የሚነዳ መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማ፣ ጥርሱም ቢያንስ 3/16 ኢንች ሊኖረው ይገባ ነበር፤ አለዚያ ሰንሰለት መያዝ ነበር። ያለዚያ ገብታችሁ መንገድ ከዘጋችሁ ቅጣቱ ከ650 ዶላር ይበልጣል። እኔ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ አይዘንሃወር ዋሻን አልፌ ፍሪስኮ ድረስ። ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚህ ወገን ፀሐይ፣ ከዚያ ወገን ዓይን የማያሳይ ውርጅብኝ ሊሆን ይችላል። መውጣቱን መኪናው እየዘፈነ ወጣው። ያስደነገጠኝ መውረዱ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ቁልቁለቱ ላይ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ መለስኩና ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅኩት። ሞተሩ የኋላውን እግር ብቻ ያዘው፣ ኋላው ሹልክ አለ። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚይዘው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ደርሶ መለሰልኝ እንጂ እኔ አልነበርኩም። በኋላ እግሩ የሚሄድ መኪና በሞተር ሲቆም የሚቆመው በኋላው ብቻ ነው፣ ይህን በጆሮዬ ሳይሆን በመቀመጫዬ ነው የሰማሁት።

ያንን መቆጣጠሪያ አታጥፉት። የሚጠፋው ተይዛችሁ ስትቆሙ ብቻ ነው፤ ያኔ ጎማው ሊሽከረከር ሲል ጉልበቱን እየቆረጠ ጭራሽ አያስወጣችሁም። አጭር ጫን፣ ወጣ፣ መልሶ ማብራት።

ጎማ የማይፈታው አንድ ነገር አለ፣ ቁመት። የመኪናው ሆድ ከመሬት 13 ሴንቲሜትር ነው። በረዶው ከዚያ ካለፈ በፓራውልቱ እየዛቅክ ነው የምትሄደው፣ ትንሽ ቆይቶ ሆዱ በረዶው ላይ ይቀመጥና አራቱም እግር ይንሳፈፋል። ዴንቨር ላይ ትልቁን የሚጥለው ማርች ነው። በዚያ ወር ሁለት ቀን የባለቤቴን ራቭ4 ለመንኩ። በሱም ላይ ጎማው ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት) የሚባለው ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ በፍርሃት ነው የነዳሁት።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ዴንቨር ዛሬ ጥሎ ነገ 15 ዲግሪ የምትሆን ከተማ ናት። ስለዚህ ይሄ ለስላሳ ጎማ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ደረቅ አስፋልት ላይ ነው። በሞቃት ቀን መኪናው ያ የማውቀው መኪና አይደለም፤ መሪው ሰነፍ ይሆናል፣ ኩርባ ላይ ፍራሽ ላይ የቆምክ ይመስልሃል። ነዳጁም ከ25 ማይል በጋሎን ወደ 22 ወርዶብኛል። ድምፁም አለ። ተራራ የማትወጡ፣ ከአውሮራ ዴንቨር ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ አበባ ምልክት ያለበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ጎማ ይበቃችኋል ባይ ነኝ። እኔ ግን ተራራውን እወዳለሁ፣ ያንን የገና ሌሊት ዳገትም አልረሳሁም፣ ስለዚህ በሚቀጥለውም ዓመት ይሄው ጎማ ነው።

መንገድ ላይ የሚረጩት ማግኒዚየም ክሎራይድ ብረት ይበላል፣ ይጣበቃልም። በየሁለት ሳምንቱ ከሥር የሚያጥብ ቦታ እየወሰድኩ አሳጥቤዋለሁ፣ እስካሁን ዝገት አላየሁም። የበጋውን ጎማ ግን ብርድ እንዳይሰነጥቀው ብዬ የቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያከረምኩት፣ የባለቤቴ የሀበሻ ቀሚስ ላስቲክ ላስቲክ ሲሸት ነው የከረመው። ፋሲካ ሲደርስ የተባለውን ተባልኩ።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ 24 ዲግሪ ሆነ። ጠዋት ብሊዛኩን አወለቅኩ፣ የበጋውን መለስኩ፣ ከሰዓት ሉክአውት ማውንቴን ወጥቼ ያን መሪ እንደገና አገኘሁት፣ መስኮት ከፍቼ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ። ሜይ በገባ በአምስተኛው ቀን ጣለ። በአውቶብስ ነው ሥራ የሄድኩት።