ቦርከና ወንዝ ወይስ ሐይቅ? የተማሪዎች የአካባቢ ትምህርት ቀን የት ይሁን?

ኮምቦልቻ ውስጥ የአካባቢ ክበብ የሚመራ መምህር ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው።

ወጪ፦ ቦርከና በእግር ይደረሳል። ጓንት፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ የሚጠጣ ውሃ፤ በቃ። ሐይቅ (ከተማውም ሐይቁም በዚህ ስም ይጠራሉ) ግን ከደሴም አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪና ኪራይና ምሳ የወላጅን ኪስ ይነካል።

ትምህርት፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ነው። ቦርከና የደሴንም የኮምቦልቻንም ቆሻሻ ይሸከማል። ልጆቹ ቁጥቋጦ ላይ የተጠመጠመውን ፌስታል ሲፈቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራሉ። ይህን የትኛውም መጽሐፍ አይሰጥም። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከኮረብታው የታጠበ አፈር እዚያው ይቀራል። ዳሩ ላይ ቆመው ሽቅብ ሲያዩ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። ወፎቹም አሉ። እዚያው ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን ስለማያስገባ ፕሮግራሙ ሐይቁ ዳር ቢሆን ይሻላል፤ ሴት ተማሪዎች ውጭ መቅረት የለባቸውም።

ስጋት፦ ቦርከና የፋብሪካ ፍሳሽ ስላለበት ያለ ጓንት አይነካም፤ በክረምት ደራሽ ጎርፍ አለ። ሐይቅ ላይ ጀልባ ያለ ላይፍ ጃኬት አይታሰብም።

በጀት ለሌለውና ሥራው በየወሩ እንዲቀጥል ለሚፈልግ ክበብ ቦርከና ይሻላል። ለትንንሽ ልጆች፣ ወይም ተፋሰስ ለሚማሩ ክፍሎች፣ በዓመት አንዴ ሐይቅ።