ነጠላዬን የማምነው ለእንዶድ ነው

የሐበሻ ልብስ ለምትወዱ፣ ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ነጭ የጥጥ ልብስ፣ በተለይ ስስ ነጠላ ለማጠብ ከእንዶድ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም። ለሁሉም ልብስ አይሆንም። ለተቻኮለ ሰውም አይሆንም። ለነጠላ፣ ለኩታና ለጋቢ ግን በረኪናም ሆነ የዱቄት ሳሙና አጠገቡ አይደርስም።

ለማያውቁት፣ እንዶድ የአገራችን ሐረግ ነው። በደጋና በወይና ደጋ፣ በጫካ ዳርና በገበሬ አጥር ላይ ይበቅላል። የሚደገፍበት ዛፍ ካገኘ ብዙ ሜትር ተስቦ ይወጣል። ሲያረጅ የታችኛው ግንዱ እንጨት ይሆናል። አበባው ደቃቅ ነው፣ ረዘም ባለ ዘለላ ላይ ይደረደራል። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ይቀላል። በኦሮምኛ ሃንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ ይባላል። ሳሙና የሚሆነው ፍሬው ነው። ውስጡ ሳፖኒን የሚባል፣ ውሃ ሲያገኝ አረፋ የሚያወጣ ነገር አለ።

ጥሩ እንዶድ የሚለየው ገና ስትገዙት ነው። ብዙ ሰው ሞክሮት "አረፋ የለውም" ብሎ የሚተወው የማይረባውን ስለሚገዛ ይመስለኛል። ፍሬው መለቀም ያለበት ሞልቶ ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ እያለ ነው። ኃይሉ ያኔ ነው። ከበሰለ በኋላ የተለቀመው ይደክማል። እኔ መርካቶ ስሄድ የምገዛው ቅመምና የባህል መድኃኒት ዘርግተው ከሚሸጡ አንዲት እናት ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን "እማማ፣ ይሄ ሳይቀላ የተለቀመ ነው?" አልኳቸው። "አንቺው እዪው ልጄ" ብለው ጭብጥ ሙሉ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። "ጥቂቱን በውሃ እሺው። አረፋ ካልሰጠሽ አትግዢኝ።" የውሃ ላስቲኬን ከፍቼ እዚያው አሸሁት። ወዲያው አረፋ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛቸው ነኝ።

እናንተም እንደዚህ ፈትኑ። ደህና ሻጭ አይከፋውም። ፍሬው በደንብ የደረቀ፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚንኮሻኮሽ ይሁን። የሻጋታ ሽታ ካለው እለፉት። ጥቁርና ቀይ የበዛበትን ከረጢትም እለፉት፤ ከመሬት የተለቀመ ወይም በስሎ የረገፈ ተደባልቆበታል ማለት ነው። ተፈጭቶ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥም አለ። አንድ ቦታ ገዝቼ አይቼዋለሁ፣ አልወደድኩትም። ዱቄት ከሆነ በኋላ ከምን እንደተፈጨ ማወቅ አይቻልም። የገዛሁት ደግሞ አሸዋ ነበረበት። ስስ ነጠላ ላይ አሸዋ ማለት ቀዳዳ ማለት ነው። ፍሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ውቀጡት።

ዋጋው አይከብድም። ለአንድ ጣሳ የምከፍለው ለአንድ ትልቅ ፓኬት የዱቄት ሳሙና ከምከፍለው ያንሳል። ያ ጣሳ ደግሞ ብዙ ልብስ ያጥባል።

አሁን ወደ አጠባው። ፍሬውን በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ፣ ግን አላልመውም። ሸክሸክ ካለ ይበቃል። ስትወቅጡ አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፍኑ። ብናኙ ክፉኛ ያስነጥሳል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ በጣም ያቃጥላል። ይሄ የእንዶድ ትልቁ ጉድለት ነው፣ አልደብቅም። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፈውና ትንሽ ቆይቼ በእጄ አሸዋለሁ። አረፋው ነጭና ደቃቅ ሆኖ ይነሳል። ውሃውን በንጹህ ጨርቅ ማጥለል ግድ ነው። ልጣጩና ጥቁሯ ዘር ነጠላው ውስጥ ከገቡ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም። ነጠላውን የማስገባው የተጠለለው ውሃ ውስጥ ነው። ትንሽ ላቆየውና በመዳፌ እየተጫንኩ አጥበዋለሁ። አልፈትገውም። በእጅ የተፈተለ ማግ መፈተግ አይወድም።

ውጤቱ? ነጠላው ይነጣል፣ ግን የበረኪና ንጣት አይደለም። በረኪና መጀመሪያ ያንጸባርቃል፣ ሲደጋገም ግን ክሩን ይበላዋል። ጥጡ ይሳሳል፣ እየቆየም ወደ ቢጫ ይሄዳል። እንዶድ የጥጡን የራሱን ነጭ ነው የሚመልሰው። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ጥለቱን አለመንካቱ ነው። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ አለኝ፣ በዱቄት ሳሙና ሲታጠብ ቀለሙ ወደ ነጩ እየተሰራጨ ያስቸግረኝ ነበር። በእንዶድ ሳጥበው ጥለቱ ባለበት ቆመ። ጨርቁም ሲደርቅ ልስልስ ይላል። ጋቢ ላይ ይሄ በደንብ ይታወቃል። በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቃለቀ ጋቢ ድርቅ ብሎ አንገት ይቧጥጣል፣ በእንዶድ የታጠበው ግን ሰውነት ላይ ይተኛል።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ጥቅም ታገኛላችሁ። አንዳንዱ የጉድጓድ ውሃ ሳሙና አያስነሳም፣ ሳፋው ዙሪያ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። እንዶድ እንደዚያ ባለ ውሃም አረፋውን ይሰጣል።

የማይሆንበትን ደግሞ ልንገራችሁ። የወጥ ዘይትና የቅቤ እድፍ ላይ ደካማ ነው። ቀሚሳችሁ ላይ ወጥ ከፈሰሰ ቦታውን ብቻ በሳሙና ቀድማችሁ አስለቅቁ። ለጂንስ፣ ለሥራ ቱታ፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አልመክረውም። ድካሙ ይበዛል። ማሽን ውስጥም አታስገቡት። መዓዛ ፈልጋችሁ ከሆነም ቅር ትሰኛላችሁ። እርጥብ እያለ የቅጠል ሽታ አለው፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ምንም አይሸትም። እኔ ይሄን እወደዋለሁ፤ ነጠላዬን በኋላ ዕጣን አጥነዋለሁ፣ ሌላ ሽታ እንዲቀድምብኝ አልፈልግም።

ስለ እንዶድ ስጽፍ አክሊሉ ለማን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣት ሳይንቲስት ሆነው አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። በሽታው የሚተላለፈው ወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከላይ በኩል ግን በሕይወት አሉ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከአገራችን ጥግ ሁሉ ከተሰበሰበው የእንዶድ ዓይነት የተሻለውን በመምረጥ ብዙ ደክመዋል። ዓይነት 44 የሚባለው ከዚያ ሥራ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አብረው ተቀበሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። አንድ ሰው ልብስ ማጠቢያውን ቆም ብሎ ስላየ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። እነዚያ ወንዝ ዳር ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ስማቸው አልተጻፈም፣ እኔ ግን የግኝቱ ባለድርሻ አድርጌ ነው የማስባቸው።

ይሄ ታሪክ ለሸማቹም ትምህርት አለው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ እጣቢውን የዓሣ ኩሬ ወይም ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ አትድፉ። አፈር ላይ ድፉት፤ ቶሎ ይበሰብሳል። እንዶድ በምንም መንገድ አይጠጣም። ለሆድ ትል፣ ለጽንስ ማስወረድ፣ ለእብድ ውሻ ንክሻ ብለው የሚሰጡ ሰዎች አሉ። መርዝ ነው፣ ሰው ይጎዳል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባት አለ። እርጉዝ የሆነች ሴት ከብናኙም ብትርቅ እመርጣለሁ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ የቅመም ዕቃ አጠገብ አታስቀምጡት። እኔ በክዳን ዕቃ ውስጥ፣ ላዩ ላይ "አይበላም" ብዬ ጽፌ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው የማኖረው።

ለበዓል ልብስ የምታዘጋጁ ከሆነ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፣ ግን ዋዜማው ላይ ዘፍዝፎ ለማድረስ መሯሯጥ ጥሩ አይደለም። ማጥለሉና ማለቃለቁ ጊዜ ይፈልጋል። ቢያንስ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቁ። ያልለቀቀ እንዶድ ቆዳቸው ስስ የሆኑ ሰዎችን ያሳክካል።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ ከመግዛት መትከል ትችላላችሁ። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ይተከላል፣ አጥር ስጡት እንጂ ራሱ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። እንዶድ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ያብባል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ቅርንጫፍ የምትቆርጡት ፍሬ ይዞ ካያችሁት ተክል ይሁን፤ አካባቢው ወንድ ከሌለ ደግሞ አንድ ወንድ ጨምሩበት። ግቢ የሌላችሁ ግን መርካቶ ስትሄዱ ጭብጥ ሙሉ በውሃ አሽታችሁ ግዙ፣ መጀመሪያም አንድ አሮጌ ነጠላ ላይ ሞክሩት።