ለመጀመሪያው የአትክልት ትምህርት፦ ዘር መዝራት ወይስ ቅርንጫፍ መትከል?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የአትክልት ልማት ሲጀምር እጁን በምን ያሟሽ? እኔ ለጎመን ዘር አደላለሁ።

ጎመን ተማሪውን አያስጠብቅም። እርጥበት ባልተለየው አፈር በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የልብ ቅርጽ አላቸው፤ እውነተኛው ቅጠል ኋላ ይመጣል። ይህን ልዩነት በዓይኑ ያየ ልጅ ከመጽሐፍ መሸምደድ አያስፈልገውም። ጥንቃቄው ጥልቀት ላይ ነው፤ ደቃቁ ዘር ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም ሳይበልጥ ይቀበር።

የጥብስ ቅጠል ግን ከዘር ሲጀምሩት ዳተኛ ነው፤ አብዛኛው ዘር ሳይበቅል ይቀራል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ቅርንጫፍ ከአንጓው (ቅጠል ከሚወጣበት መገጣጠሚያ) በታች ይቆረጣል፤ የታችኛው ቅጠሉ ተራግፎ አሸዋ በበዛበት አፈር ይተከላል። ቅጠሉ የሚራገፈው፣ ሥር የሌለው ቅርንጫፍ በቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ መተካት ስለማይችል ነው። የሚበቅለው ተክልም ቁርጥ እናቱን ነው፤ ሽታውም መልኩም አይለወጥም። ከዘር የሚገኘው ግን እንደ ወንድማማች ይለያያል።

ፈተናው ትዕግሥት ነው። ሥር ለማውጣት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። አንዲት ተማሪ በየጠዋቱ ነቅላ ታይ ነበር፤ ፀጉር የሚያህሉት ነጫጭ ሥሮች በእጇ ላይ ተበጠሱ። አሳዘነችኝ፤ ጉጉቷ ግን ትክክል ነበር።

ቦታ ካለ ሁለቱን በአንድ ቀን ማስጀመር ነው። ጎመኑ ለመቀንጠስ ሲደርስ የጥብስ ቅጠሉም ሥር ይዞ ይጠብቃል።