ሌዘሯ ምንም አትል፣ ቻርጀሩ ግን ጉድ ሠራኝ

ይህችን 650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ጎንደር ፒያሳ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከገዛኋት ወራት አልፈዋል። ትበራለች፣ አትግልም፣ ሌላ የምለው የለኝም። የተጣላሁት አብሮ ከተሸጠልኝ ቻርጀር ጋር ነው።

የገዛኋት በሌዘር የተመታ የአቶም ደመና የሚረጨው ብርሃን እንዴት እንደሚዋዥቅ ለተማሪዎቼ ላሳይባት ብዬ ነው። እውነተኛው ደመና ቫኪዩም ምናምን ይፈልጋል፤ እኛ ጋ የለም። ግን የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ማርቲንሰንና ሽፒለር እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳዩት አቋራጭ አለ፦ ሌዘሩን በሚሽከረከር ሸካራ መስታወት ማሳለፍ። እኔ ፊቱን ያሻከርኩትን የፕላስቲክ ዲስክ ከአሮጌ ፋን ሞተር ጋር አያያዝኩት። እያንዳንዷ ሸካራ ነጥብ እንደ አንድ አቶም ብርሃኑን በየፊናው ትበትናለች፤ ግድግዳው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል። ድምቀቱን የሚለካውን ሴንሰር በፎይል ሸፍኜ ፎይሉን በመርፌ በሳሁት። ቀዳዳው ከአንድ ነጠብጣብ ከሰፋ መዋዠቁ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የድምቀቱን ስኩዌር አማካይ ለአማካዩ ስኩዌር ማካፈል። የተረጋጋ ሌዘር 1 ይሰጣል። እየብቻቸው የሚያበሩ ብዙ አቶሞች 2 ይሰጣሉ። አቶሞች አንድ በአንድ ሲያበሩ ግን ፎቶኖቹ (የብርሃን ቅንጣቶቹ) ተራርቀው ይመጣሉ፤ ተመራማሪዎቹ ኪምብል፣ ዳጌኔና ማንዴል እ.ኤ.አ. በ1977 ፎቶን እየቆጠሩ በሶዲየም አሳይተውታል። ያንን ከዚህች አልጠብቅም።

የእኔዋ ታዲያ ያለ ዲስኩ 1.1 አለች። በዲስኩ ከ2 አለፈች። «ቲቸር፣ ኖቤል ልናገኝ ነው!» አለ አንዱ።

ጨረሩን ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሳወዛውዘው ጉዱ ታየ። ቀጥ ያለ መስመር መሆን ሲገባው የተቆራረጠ ሰረዝ ሆነ። ቻርጀሩ የ50 ኸርዝ መብራታችንን በወጉ አላጣራውም፤ ሌዘሯ በሰከንድ 100 ጊዜ ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች።

ወንድሜ ሻጭ፣ «ኦሪጅናል ነው» ስትለኝ ምን ማለትህ ነበር? «ለዓይን አይታይም» ትለኝ ይሆናል። ዓይኔን ማን ጠየቀህ? ሴንሰሬ አይቶታል!

መብራት በሄደ ቀን ፓወር ባንክ ላይ ሰካኋት። ወዲያው 1 ላይ ቁጭ! በዲስኩም 1.9 ሰጠች። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ግን ይበልጥ ተናደድኩ።

ሌዘሯን ዛሬም ብሆን እገዛታለሁ። ቻርጀሩ ይመለስልኝ፤ ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።