ጊትሃብ፣ ጊትላብ ወይስ የራስ ሰርቨር? ከአዲስ አበባ ዳር ለሚሠራ ትንሽ ቡድን

ከሦስት እስከ ስምንት ሆናችሁ ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ፣ ቢሯችሁም ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን ወይም ለገጣፎ አካባቢ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። እዚህ አካባቢ ኪራዩ ከቦሌ ይሻላል። መብራቱና ኔትወርኩ ግን አንዳንዴ ከሰዓቱን ሙሉ ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ኮድ የምታስቀምጡበትን ቦታ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ፣ መስመር ሲቋረጥ ሥራችሁ ይቀጥላል ወይስ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል የሚለውን ነው።

ጊትሃብና ጊትላብ የቆሙበት፣ ጊት የሚባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም፣ ራሱ በዚህ በኩል ጎበዝ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጻፈው፣ የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች በነጻ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ሲከለከልባቸው ነው። ጊት የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። ኮሚት ማድረግ (ለውጥን መመዝገብ)፣ ብራንች መክፈት (ለብቻ የሚሠራበት ቅርንጫፍ)፣ የድሮ ለውጥ ማየት፣ መርጅ ማድረግ (ቅርንጫፎችን መቀላቀል)፣ ይህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔት የሚያስፈልገው ፑሽ (ለውጥን ወደ መገናኛው ቦታ መላክ) እና ፑል (ከዚያ መውሰድ) ስታደርጉ ብቻ ነው። እንግዲህ ገንዘብ የምታወጡት ለጊት አይደለም፣ ጊት ነጻ ነው። የምትከፍሉት ለመገናኛው ቦታና እዚያ ላይ ለሚደረገው ሪቪው (አንዱ የሌላውን ኮድ ማየት)፣ ጥበቃና አውቶማቲክ ቴስት ነው።

ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ግን አሠራራችሁን ወስኑ፤ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰፊው የሚታወቁት ሦስት ናቸው። ጊት ፍሎው የሚባለውን ቪንሰንት ድሪሰን በ2010 እ.ኤ.አ. አቀረበው፤ ዋና ብራንች፣ ዴቨሎፕ፣ ፊቸር፣ ሪሊዝ፣ ሆትፊክስ እያለ ብዙ ቅርንጫፍ ያስይዛችኋል። ሰውየው ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. በጽሑፉ ላይ ማስታወሻ ጨምሮ፣ በየጊዜው የሚታደስ የድረ ገጽ ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ ቀለል ያለውን ጊትሃብ ፍሎው ተጠቀሙ ብሏል። አሁንም ጊት ፍሎው የሚያዋጣው ሰው አለ፤ ለፋርማሲ ወይም ለሱቅ በየደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም የምትሸጡ ከሆነና አንዱ ደንበኛ የአምናውን፣ ሌላው የዘንድሮውን ቨርዥን የሚጠቀም ከሆነ፣ የሪሊዝ ብራንቾቹ በእርግጥ ያስፈልጓችኋል።

ጊትሃብ ፍሎው አጭር ነው። ሜይን (ዋናው ብራንች) ሁልጊዜ ለሥራ ዝግጁ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ብራንች ክፈቱ፣ ፑል ሪኩዌስት (ሥራዬ ይታይና ይቀላቀል የሚል ጥያቄ) ላኩ፣ ሌላ ሰው ይየው፣ ይቀላቀል፣ ብራንቹ ይጥፋ። ሦስተኛው ትራንክ ቤዝድ የሚባለው ነው። እዚያ ሁሉም ቢያንስ በቀን አንዴ ትንሽ ትንሹን ለውጥ ወደ ሜይን ያስገባል፣ ያላለቀው ነገር በኮዱ ውስጥ ባለ ማብሪያ ማጥፊያ ተደብቆ ይቆያል። ጥሩ ነው፣ አውቶማቲክ ቴስት ካላችሁ። ከሌላችሁ አትጀምሩት።

እኛ አካባቢ መብራትና ኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንዱ ሁለት ቀን ሳይገናኝ ለብቻው ሲሠራ፣ ሌላውም እንደዚያው፣ አርብ ሲገናኙ ሁለቱም ያንኑ ፋይል ነክተው ይገኛሉ፣ ቅዳሜ ኮንፍሊክት (የተጋጩ ለውጦችን) በመፍታት ያልቃል። ረጅም ዕድሜ ያለው ብራንች በደህናው ጊዜም ችግር ነው፤ እዚህ ደግሞ ሳትፈልጉም ይረዝምባችኋል። ለዚህ ነው ትንንሽ ለውጥ፣ አጭር ብራንች የምለው። ጠዋት ገብታችሁ ኔቱ ካለ መጀመሪያ ፑል፣ ከዚያ ቡና።

አሁን ወደ ግዢው። ጊትሃብ በ2008 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፣ በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከ2020 ጀምሮ በነጻው ላይ የግል ፕሮጀክት ከፍታችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ሰው ማስገባት ትችላላችሁ፣ ለግል ፕሮጀክት በወር 2,000 ደቂቃ አውቶማቲክ ቴስት ማስኬጃም አለው። ለትንሽ ቡድን ይበቃል። የሚጎድለው አንድ ወሳኝ ነገር ነው፤ በነጻው ላይ የግል ፕሮጀክት ሜይን ብራንች በደንብ አይጠበቅም። ማለትም ማንም ሰው ሳያስመረምር በቀጥታ ፑሽ እንዳያደርግ የሚከለክለው ሕግ የሚመጣው ከክፍያ ጋር ነው። ቲም የሚባለው ጥቅል በሰው በወር 4 ዶላር ነው፣ ለአምስት ሰው 20 ዶላር። ጁኒየር ሠራተኛ ከቀጠራችሁ ይህ ገንዘብ ያዋጣል፤ ሦስት የሚተማመኑ ሰዎች ከሆናችሁ ግን በቃል ተስማምታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ጊትላብ በተቃራኒው የብራንች ጥበቃውን በነጻው ላይ ይሰጣል። ይህ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ግን በድረ ገጹ ላይ ነጻው የግል ቡድን በአምስት ሰው የተገደበ ነው፣ የቴስት ማስኬጃውም በወር 400 ደቂቃ ብቻ። ስድስተኛው ሰው ሲመጣ የሚቀጥለው ጥቅል በሰው በወር 29 ዶላር ነው፤ ለስድስት ሰው ስታባዙት ልዩነቱ ያስደነግጣል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ በዶላር የሚቆረጥ ወርሃዊ ክፍያ በሚቀጥለው ዓመት በብር ስንት እንደሚሆን መገመትም ይከብዳል። በዶላር የሚከፍለው ካርድ የማን እንደሆነም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የአንድ ሰው የግል ካርድ ከሆነና ሰውየው ከለቀቀ፣ ክፍያው ይቆማል፣ አካውንቱ ወደ ነጻው ይወርዳል፣ የከፈላችሁበት ጥበቃም አብሮ ይነሳል።

ሌላው የኮድ ማስቀመጫ ቢትባኬት ላይ ብዙ አልቆይም። ነጻው እስከ አምስት ሰው ነው፣ የቴስት ደቂቃው በወር 50 ብቻ። ሥራችሁን የምትከታተሉት በጂራ ከሆነ እዩት፤ ካልሆነ እለፉት።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ምርጫ ጊቲ (Gitea) ነው። በነጻ የሚገኝ፣ በራሳችሁ ማሽን ላይ የሚጫን፣ ቀላል ሶፍትዌር ነው፤ ራስበሪ ፓይ በሚባለው ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሠራል። ፎርጄዮ የሚባለውም በ2022 እ.ኤ.አ. ከእሱ የወጣ ነው፣ ከሁለቱ የትኛውንም ብትወስዱ ለእናንተ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ባትሪው ደህና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫኑት፣ የቢሮውን ዋይፋይ ራውተር በትንሽ ዩፒኤስ ያዙ፣ አለቀ። የውጭው ኢንተርኔት ቢሄድም በቢሮው ውስጥ ፑሽ፣ ፑል፣ ሪቪው ሁሉ ይቀጥላል። የብራንች ጥበቃ አለው፣ የሰው ቁጥር ገደብ የለውም፣ ዶላርም አይጠይቅም። ጊትላብንም በራስ ማሽን ላይ በነጻ መጫን ይቻላል፣ ግን ወደ 8 ጊጋባይት ራም ስለሚፈልግ ለአሮጌ ላፕቶፕ ይከብዳል።

የጊቲ ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አፕዴት የሚያደርገው፣ ባክአፕ የሚይዘው እናንተ ናችሁ። ላፕቶፑ ቢሰረቅስ? ዲስኩ ቢበላሽስ? ለዚህ ፑሽ ሚረር የሚባለውን ማስተካከያ ክፈቱ፤ ኔት ሲመለስ ኮዱን በራሱ ወደ ጊትሃብ ወይም ጊትላብ ነጻ አካውንት ይገለብጥላችኋል። ይህን ሳታደርጉ ጊቲን ብቻ አምናችሁ አትቀመጡ፣ እለምናችኋለሁ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ሁላችሁም ከየቤታችሁ፣ አንዱ ከሰበታ ሌላው ከሱሉልታ የምትሠሩ ከሆነ፣ ጊትሃብ ነጻውን ያዙና በጊትሃብ ፍሎው ሥሩ፣ ሰው ሲጨምር ቲም ግዙ። አምስት ወይም ከዚያ በታች ከሆናችሁና ጥበቃውን ዛሬውኑ ከፈለጋችሁ ጊትላብ። አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ የምትቀመጡና ሰርቨር መንካት የማይፈራ አንድ ሰው ካላችሁ፣ ጊቲ ከነሚረሩ፤ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የሞባይል ዳታችሁን ጠብቁ። ትልቅ ፕሮጀክት ክሎን ስታደርጉ (ለመጀመሪያ ጊዜ ስታወርዱ) ዴፕዝ 1 (--depth 1) ብላችሁ የመጨረሻውን ብቻ ማውረድ ይቻላል። ቪዲዮና የዳታቤዝ ቅጂ ጊት ውስጥ አትክተቱ፤ ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኔት ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ጊት ባንድል የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ኮሚቶቹን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፣ በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይ ፑል ማድረግ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እዚህ አካባቢ ግን ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር ብትፈልጉ ኮዱና የኮሚት ታሪኩ ሙሉ በሙሉ አብሯችሁ ይሄዳል። የሪቪው አስተያየቶችና የተመዘገቡ ችግሮች ግን በጊት ውስጥ ስለማይቀመጡ በራሳቸው አይከተሏችሁም። ጊትላብም ጊቲም ከጊትሃብ እነሱን የሚያስገቡበት መንገድ አላቸው፤ መጀመሪያ በአንድ ትንሽ ፕሮጀክት ሞክሩት፣ ምን እንደመጣና ምን እንደቀረ አይታችሁ ዋናውን አዛውሩ።