የሺፍት ሂሳብ መዝጊያው ፕሮግራም፦ ቆጠራው ቆንጆ፣ ተመላሹ ራስ ምታት

ለካሸር ከሽያጩ በላይ ወገብ የሚቆርጠው ማታ ሂሳብ መዝጋቱ ነው። አሁን የምንሠራበት ፕሮግራም እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ መሳቢያው ውስጥ ስንት መኖር እንዳለበት ቆጥረህ እስክታስገባ ድረስ አያሳይህም። መጀመሪያ ያናድዳል። ግን የሚጠበቀውን ድምር እያወቀ የሚቆጥር ሰው ሳያስበው እጁ ወደዚያው ቁጥር ይሄዳል፣ ጉድለቱም ተሸፍኖ ያድራል።

ኖቱን በየዓይነቱ፣ ሳንቲሙን ለብቻው ታስገባለህ። ሺፍቱ ሲጀመር መሳቢያው ውስጥ የነበረውን መነሻ ገንዘብ ራሱ ይቀንሳል። በቆጠርከውና በሚጠበቀው መሃል ያለው ልዩነት ለ9 እኩል ከተካፈለ ደግሞ «አሃዝ ተገላብጦ ይሆናል» ብሎ ይጠቁማል፤ 540ን 450 ብለህ ስትጽፍ 90 እንደሚጎድለው ማለት ነው። ይቺ ስንት ጭቅጭቅ አስቀርታለች!

ተመላሽ ዕቃ ላይ ግን ምንም አይረባም። በካርድ ተከፍሎ በጥሬ ገንዘብ የተመለሰውን ከካርድ ሽያጩ ድምር ስለሚቀንሰው፣ መሳቢያው ጎደለ ይልሃል፣ የካርድ ማሽኑ ወረቀት ደግሞ ትርፍ ያሳያል፣ አንተ መሃል ላይ ቁጭ ብለህ ደረሰኝ ትበረብራለህ። የኤክስ እና የዜድ ሪፖርት ቁልፎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠውስ ማነው? ኤክሱ ለማየት ብቻ ነው፤ ዜዱ ግን ድምሩን ዜሮ አድርጎ ይዘጋል። የደከመ ጣት ይሄን አይለይም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ። ተመላሹን ካስተካከሉት አራት እሰጣለሁ።