ፒክአፕ ሳያስቀይር የጊታሬን ድምፅ ላስተካከለልኝ ባለሙያ

ኤሌክትሪክ ጊታር የምትጫወቱና «ድምፁ አልጥም አለኝ» ብላችሁ አዲስ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ማግኔታዊ ዕቃ) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ትንሽ ያዝ አድርጉት። መጀመሪያ ይህን አንብቡ። የማመሰግነው ሰው አለ፤ ለእናንተም ልጠቁመው ነው።

ጊታሬ የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ዓይነት ነው፤ ሦስት ነጠላ ኮይል፣ ማለትም አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ያላቸው ፒክአፖች አሉት። ቅሬታዬ ብዙ ነበር። ቮልዩሙ ሙሉ ሲከፈት ጆሮ ይበሳል፣ የብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ከታች በሚያርፉበት በኩል ያለው ፒክአፕ ሲሆንማ አይጣል ነው። ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ድምፁ ከበር ማዶ የሚመጣ ይመስል ይታፈናል። ድምፁን የሚያለዝበው የቶን ቁልፍ ሲዞር ኮሽ ኮሽ ይላል። ከአምፑ የሚወጣው እዝዝታም በልምምድ ላይ ሰው ያሳቅቃል። ያማከርኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ ፒክአፕ ቀይር።

ይሄ የማመሰግነው ልጅ ግን ጊታሩን ከመክፈቱ በፊት «ስትጫወት ቮልዩምህ ስንት ላይ ነው?» አለኝ። ቀጠለና ኬብሌ ምን ያህል እንደሚረዝም ጠየቀኝ። ከዚያ የራሴን ኬብል ሰክቼ እንድጫወት አደረገና ዝም ብሎ ሰማ፤ ቮልዩሙን ከ10 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 4 እያወረደ፣ የፒክአፕ መምረጫውን ስዊች እየቀያየረ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሲከፍተው የመጀመሪያው ጉድ ወጣ። ከዚህ በፊት ጊታሩን የነካው ሰው የቮልዩሙን ፖት ሲቀይር 500 ኪሎ ኦም ገጥሞበታል። ለማታውቁት፣ ፖት ማለት ቁልፉን ስታዞሩ ከሥር የሚዞረው ዕቃ ነው፤ ኪሎ ኦም ደግሞ ኤሌክትሪክን የመገደብ አቅሙ (ሬዚስታንሱ) መለኪያ ነው። ለነጠላ ኮይል የተለመደው 250 ሲሆን 500 የሚገባው በአብዛኛው ለሃምበከር፣ ማለትም ሁለት ጥቅል ላለው ፒክአፕ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ፒክአፑ ላይ ያለው ጭነት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሹሉ ድምፅ ሳይለዝብ ይወጣል። ሃምበከር በተፈጥሮው ወፈር፣ ጨለም ስለሚል ይሄ ይጠቅመዋል። የኔ ግን ድሮም ብሩህ ነው፤ ጆሮ የሚበሳው ለዚህ ኖሯል! አዲስ ፖት ሲገጥምም ላዩ ላይ የተጻፈውን አምኖ አልገጠመም። በፖቶች ላይ 20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የተለመደ ስለሆነ 250 የተባለው 200ም 300ም ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቴስተር እየለካ የሚስማማውን መረጠ።

ቮልዩም ሲቀነስ ድምፁ ለምን እንደሚታፈን ያስረዳኝ ደግሞ እስካሁን ይገርመኛል፤ ስንት ዓመት ስጫወት አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ኬብሉ ራሱ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። እንደ ጥራቱ ይለያያል እንጂ በአንድ ሜትር 100 ፒኮ ፋራድ (የካፓሲተር ልክ መለኪያ) አካባቢ ይይዛል፣ ስለዚህ ስድስት ሜትር ኬብል የሰካ ሰው 600 ያህል ፒኮ ፋራድ ከጊታሩ ጋር ሰክቷል ማለት ነው። ቮልዩሙ ሲወርድ በፒክአፑና በኬብሉ መሃል የፖቱ ሬዚስታንስ ይገባል፣ ያ ሬዚስታንስና የኬብሉ ካፓሲታንስ ተባብረው ቀጭኑን ድምፅ ወደ ግራውንድ (ወደ ጋራው የመመለሻ መስመር) ያወርዱታል። ፒክአፑ በዚህ ውስጥ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ብቀይረውም ያው ነበር።

መድኃኒቱ ትሬብል ብሊድ የሚባለው ነው። በቮልዩሙ ፖት መግቢያና መውጫ እግሮች መካከል ትንሽ ካፓሲተር ይበየዳል፣ ቮልዩሙ ሲቀነስ ቀጭኑ ድምፅ በእሱ በኩል አቋርጦ ያልፋል። ካፓሲተር ብቻ ከሆነ ግን በዝቅተኛ ቮልዩም ድምፁ ከልክ በላይ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሬዚስተር ይታከልበታል። ለኔ የተስማማኝ 1 ናኖ ፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ሆነው ነው። ይሄን ቁጥር ከመጽሐፍ ላይ ገልብጦ አይደለም የበየደው። በክሊፕ በተያያዙ ሽቦዎች ከውጭ እየቀያየረ አጫወተኝ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እሰማለሁ፣ እሱ ይቀይራል። የመረጥኩት እሱ የገመተውን አልነበረም። ምንም አላለም፣ የመረጥኩትን በየደልኝ። ጎን ለጎን ሲሆን ቁልፉ ሲዞር ድምፁ የሚወርድበት አካሄድ ትንሽ እንደሚለወጥ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እውነትም ተለውጧል፣ እጄ ግን ለመደው።

የቶኑ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ሁለት የቶን ቁልፎች ነበሩት፣ ግን ሁለቱም ለኔክ (በአንገቱ በኩል ላለው) እና ለመሃሉ ፒክአፕ ነው የሚሠሩት። ለብሪጁ የለም። ከሁሉ ይበልጥ ሹል የሆነው ፒክአፕ ያለ ቶን ቀረ ማለት ነው፣ ይሄ ለኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም። አንድ ሽቦ ነው ያንቀሳቀሰው፤ ሁለተኛው ቶን ብሪጁንም እንዲይዝ አደረገ። አንድ ሽቦ! ከሁሉም ሥራ ውስጥ በየቀኑ የምጠቀምበት ይሄ ነው። ዲስቶርሽን ስከፍት ቶኑን ወደ 6 አወርደዋለሁ፣ ሶሎው አይጮህም፣ ይዘፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ዘይት የተነከረ የወረቀት ካፓሲተር፣ ያ አሮጌና ውድ የሆነው፣ ድምፅ ያሳምራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እንዲያስገባልኝ ጠየቅኩት። ዕቃው እጁ ላይ ነበር፣ ሸጦልኝ ማትረፍ ይችል ነበር። «ዋጋው አይደለም፣ ልኩ ነው የሚሰማው። ልኩ እኩል ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ አትለየውም» ብሎ ተራውን የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ገጠመልኝ። ስንቱ ባለሙያ ነው እንዲህ የሚል? የቀየረው ልኩን ነው፦ ከ0.047 ወደ 0.022 ማይክሮ ፋራድ። አሁን ቶኑ እስከ ታች ሲዞር እንኳ ድምፁ ጭቃ አይሆንም።

እዝዝታውን በተመለከተ የፒክአፖቹን ጉድጓድ በሙሉ በመዳብ ቴፕ ለበጠው፣ የፒክጋርዱን (የፊቱን የፕላስቲክ ሽፋን) ጀርባም ጨምሮ፣ ቁርጥራጮቹን እርስ በርስ በሊድ አያያዘና ከግራውንድ ጋር አገናኘው። ኮሽታውም አብሮ ጠፋ፤ የቶኑ ፖት ቆሽሾ ኖሮ አጽድቶታል። ግን አልዋሸኝም። መዳቡ የሚቀንሰው ከመብራት ማደብዘዣና ከመሳሰሉት የሚመጣውን ብዝዝታ ነው፣ ከትራንስፎርመር የሚነሳውን ማግኔታዊ ሃም (ወፍራም እዝዝታ) አያቆመውም፣ ነጠላ ኮይል እስከሆነ ድረስ ትንሽ አለ። የመሃሉ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠመጠመ ስለሆነ በ2 እና በ4 የስዊች ቦታ (የመሃሉ ከሌላው ጋር አብሮ ሲሠራ) ሃሙ ይጠፋል፣ በሌሎቹ ይሰማል። ክሮቹን ስትነኩ ጩኸቱ የሚቀንስ ከሆነም አትደንግጡ፣ ብሪጁ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው፣ እንዲያውም ጤናማ ምልክት ነው።

የእጅ ሥራው ንጹሕ ነው። ብየዳው ያብለጨልጫል፣ ሽቦ የተንጠለጠለ የለም። የፖቱ ጀርባ ላይ ሲበይድ ካውያውን በደንብ አሙቆ ቶሎ ያነሳል፣ ብዙ ከቆየ ፖቱን ውስጡን ያቃጥለዋል። ከመጀመሩ በፊት ፎቶ አንስቷል፣ ሲጨርስ ያወጣቸውን ዕቃዎች በፌስታል መለሰልኝ፣ አዲሱን ዲያግራምም በእጁ ስሎ ሰጠኝ። ነገ ሌላ ሰው ቢከፍተው አይደናገርም።

እንከኑንም ልንገራችሁ፣ ምስጋና ብቻ ከሆነ ማስታወቂያ ይመስላል። ይዘገያል። ካውያ ከያዘ ስልክ አያነሳም። ለነገ ፕሮግራም አለኝ ብትሉት አይቀበላችሁም። ፍሬት መሞረድና ቀለም አይሠራም። እሱ ሲጨርስ ጊታሩ ሌላ ጊታር ይሆናል ብላችሁም አትጠብቁ፤ ያው ጊታር ነው፣ ቁልፎቹ ግን አሁን ይሠራሉ።

የምትሄዱ ካላችሁ ክሩን አዲስ አድርጉ፣ የምትጫወቱበትን ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፣ «ጥሩ ድምፅ አውጣልኝ» ከማለት የማትወዱትን ነገር በግልጽ ንገሩት። ሁለት ሃምበከር ያላችሁ የሃምሳዎቹ (እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ) የሚባለውን አሠራር ጠይቁት፤ የቶኑ ካፓሲተር ከቮልዩሙ መግቢያ ፋንታ መውጫው ላይ ይያያዛል፣ ቮልዩም ሲቀነስ ጥራቱ ብዙ አይጠፋም፣ ተጨማሪ ዕቃም አይፈልግም። ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እጅህ ይባረክ። የቤዝ ጊታሬም ኮሽ ማለት ጀምሯል፣ ወረፋ ያዝልኝ።